የአባ ገስግስ ክር

ቁማር ተጫውቼ አላውቅም። ሃይማኖቴ አይፈቅድም፣ ጠባዬም አይችለውም። እንዲያም ሆኖ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው መስከረም፣ በመስቀል ማግስት፣ ወንድሜን ሐምዱን በፈረስ አስይዤ ሜዳ ዳር ቆሜያለሁ። ፈረሱ ከቀደመ ሐምዱ ወደ ቤቱ ይገባል። ከተቀደመ በማግስቱ ካሚዮን ላይ ተጭኖ በረሃ ወዳለው እስር ቤት ይወርዳል፤ እዚያ ከወረዱት ደግሞ ተመልሶ ያየነው የለም። እንግዲህ ይሄን ቁማር የሚለኝ ካለ ይበል፣ አፉን አልይዘውም።

ከሥሩ ላውራው፣ አለዚያ ማንም አይገባውም።

ሱቄ ገበያው አጠገብ ነበር። ጨው፣ ክር፣ መርፌ፣ ዶቃ እሸጣለሁ። ባሌ ከሞተ በኋላ ገብስ ጨመርኩበት፣ ፈረስ ያላቸው መኳንንት ከብዙ ነጋዴ ይልቅ ከእኔ ይገዙ ነበር፤ ድንጋይና አፈር ቀላቅዬ አልሸጥማ። የምሽጉ አዛዥ፣ ካፒቴኑ፣ በየእሁዱ የመኳንንቱን ፈረሶች ከከተማው በታች ባለው ሜዳ ማሽቀዳደም ሲጀምር ገበያዬ ደራ። የእኛ ሰው የሚያውቀው ጉግስ ነው፤ ማሳደድ፣ መሸሽ፣ በጋሻ መመከት። ዝም ብሎ ከዚህ ግንድ እስከዚያ ግንድ መሮጥ ምን ጨዋታ ነው ብሎ መጀመሪያ ሳቀ። ውርርዱን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው።

እሁድ ማታ ማታ ወንዶቹ ሱቄ ደጃፍ ይሰበሰቡና ይጮኻሉ። አንዱ "አምባላይ ፈረስ ሰንበት ቀን አይቀደምም፣ ነጭ የሰንበት ነው" ይላል። ሌላው "ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለው ነው ዕድለኛ" ይላል። ሁሉም ደግሞ ካለቀ በኋላ "እኔኮ ዱሮም አውቄዋለሁ" ይላል። ይሄ "ዱሮም አውቄዋለሁ" የሚሉት ነገር ደሜን ያፈላዋል። ካወቅህ ጧት ለምን አልተናገርክም? አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ "ለሚመጣው እሁድ ማን ይቀድማል? አሁን ንገሩኝና እንይ" አልኳቸው። ሦስት ሰዎች ሦስት ፈረስ ጠሩ፤ እሁድ የቀደመው አራተኛው ሆነ። ያን ለት ማታ ደጃፌ ጸጥ አለ፣ እኔም በደንብ ተኛሁ።

ከዚያ ወዲያ ነው ክሮቹን የጀመርኩት። ለእያንዳንዱ ፈረስ አንድ ክር ሰጠሁና መደርደሪያው ላይ አንጠለጠልኩ። ፈረሱ በቀደመ ቁጥር ነጭ ዶቃ፣ በተቀደመ ቁጥር ጥቁር ዶቃ እሰካለሁ። ሜዳው ጭቃ ከሆነ ከዶቃው በፊት አንዲት ሰማያዊ አስቀድማለሁ። ላየው ሰው ሸቀጥ ነው። ለእኔ ግን የወንዶቹን አፍ የምዘጋበት ነበር።

መጀመሪያ የመልኩን ነገር ፈተንኩ። አምባላዩም፣ ዳማውም፣ ቦቃውም ነጭና ጥቁር ዶቃቸው ተቀላቅሎ ነው ያለው፤ መልክ ምንም አላደረገም። ቀጥዬ፣ እንግዲህ ሰው ነኝ፣ የእኔን ገብስ የሚበላ ይቀድማል ብዬ ነበር። ክሮቹን አየሁ፤ የእኔን ገብስ በልተው ከኋላ የሚንፏቀቁ ሞልተዋል። ትንሽ አፈርኩ፣ ለማንም ግን አልነገርኩም። በኋላ ነው ነገሩ እየተገለጠልኝ የመጣው። ቅዳሜ ከደብረ ኤልያስ ወይም ከሉማሜ መንገድ የመጣ ፈረስ፣ ከተማ ካደረው ጋር እኩል አይሮጥም። የጭቃ ፈረስና የደረቅ መሬት ፈረስም የተለያዩ ናቸው፤ በጭቃ ቀን የደረቁን ዶቃ መቁጠር ዋጋ የለውም።

አንድ ነገር ግን ቶሎ ገባኝ። ካለቀ ነገር ላይ ሕግ ማውጣት ቀላል ነው። ዶቃዎቹን እያየሁ ያወጣሁት ሕግ ለነዚያው ዶቃዎች ምንጊዜም ልክ ይሆናል፤ ታዲያ እኔስ ከነዚያ "ዱሮም አውቄዋለሁ" ባዮች በምን ተሻልኩ? ስለዚህ ክሩን ባንኮኒው ላይ እዘረጋና ግማሹን በሻሼ እሸፍነዋለሁ። የተገለጠውን ብቻ አይቼ ሕግ አወጣለሁ። ከዚያ ሻሹን እገልጥና የተሸፈነው እሺ ይለኝ እንደሆነ አያለሁ። እሺ ካላለ ሕጉን እጥለዋለሁ። ስንቱን ጣልኩ መሰላችሁ። አንዳንዱን ስጥል ሆዴ ይባባ ነበር፣ ያምር ነበራ።

ካፒቴኑ ይሄን ያወቀው በአስተርጓሚው በአወቀ ምላስ ነው። አወቀ የእኛው ከተማ ልጅ ነው፤ ነገር ሆዱ ውስጥ አያድርም። ገብስ ሊገዙ መጥተው ካፒቴኑ "እነዚህ ለምን አይሸጡም?" ብሎ ሲጠይቅ፣ አወቀ ከእኔ ሳያስፈቅድ ሁሉንም ዘረገፈለት። ካፒቴኑ ቀጭን፣ ጥፍሩን የሚበላ፣ መቀመጥ የማይችል ሰው ነበር። ያን ቀን ግን ገብስ ጆንያዬ ላይ ቁጭ ብሎ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ አልተነሣም። ከዚያ በኋላ ይመላለስ ጀመር። ሞኝ አልነበረም፤ ዶቃውን ማንበብ ቶሎ ተማረ፣ የሻሹንም ነገር ወደደው። ይሄ ፈረስ ይቀድማል ስለው "በዶቃው አሳዪኝ" ይላል። አንድ ጊዜ አንድ ፈረስ በጭቃ ስለተቀደመ ሊተወው ሲል "የአንድ ቀን ነገር ምንም አይናገርም፣ ሲደጋገም ነው" ብዬ አስተማርኩት። ምን ነበር ዝም ብል።

በነሐሴ ሐምዱን ያዙት። ወንድሜ ሲራራ ነጋዴ ነው፣ በቅሎዎች ይዞ ከየጁቤ ሲመለስ ኬላ ላይ ጭነቱን ፈቱት፤ ከአተሩ ሥር ጥይት ወጣ። ጭነቱ የሰው ነበር፣ እሱ የተከፈለው ለማድረስ ብቻ ነው። ይሄን ማን ይሰማዋል? ደበደቡት። ስንቅ ይዤ ምሽጉ በር ስሄድ ሰሃኑን ተቀብለው ፊቱን አያሳዩኝም። ሚስቱ ቀድሪያ እርጉዝ ናት፤ ጧት ማታ ደጃፌ እየመጣች ምንም ሳትናገር ትቀመጣለች። የእሷ ዝምታ ከጩኸት ይልቅ አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ካፒቴኑን ለመንኩት። ተንበርክኬ ነው የለመንኩት፣ አልደብቅም። ጥፍሩን እየበላ አዳመጠኝና አወቀ እንዲህ ብሎ ተረጎመልኝ፦

"ለመስቀል ማግስት አለቃዬ ኮሎኔሉ ከእንግዶች ጋር ይመጣል። ሁለት ጊዜ በውርርድ አሸንፎ በመኮንኖቹ ፊት መሳቂያ አድርጎኛል ይልሻል። የሚቀድመውን ፈረስ ንገሪኝ። ካሸነፍኩ ወንድምሽን በዚያው ቀን ትወስጃለሽ። ከተሸነፍኩ ከሌሎቹ ጋር ይጫናል።"

"ፈረስ ነው እኮ፣ ሊሰናከልም ይችላል በለው" አልኩት።

አወቀ ተረጎመ። ካፒቴኑ ትከሻውን ሰበቀ። "ያውቃል" አለኝ አወቀ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋብኝ። ደንበኛ ጨው ሲጠይቀኝ ክር እሰጠዋለሁ። ተቀምጬ እነሣለሁ፣ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ክሮቹን እዘረጋለሁ፣ እሸፍናለሁ፣ እገልጣለሁ። ሌሎቹ ሁሉ እሺ እያሉኝ አንዱ ብቻ አስቸገረኝ፤ የባላምባራስ ወልደ ሚካኤል ዳማ፣ አባ ገስግስ። አምና በክረምት በጭቃው ላይ የሚደርስበት አልነበረም፣ በደረቅ መሬት ግን ከኋላ ነበር። ዘንድሮ በበጋው ማብቂያ በደረቁም ይቀድም ጀመር። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ዝናብ መታና ሜዳው ጨቀየ፤ እሱ የሚወደው ጭቃ ነው ስንል መጨረሻ ወጣ። ከዚያ ክረምቱ ከአምናው ይልቅ በረታና ሽቅድምድሙ ቆመ።

ለእሱ ስል ሕጌን መቀጣጠል ጀመርኩ። በጭቃ ይቀድማል፣ የሰኔ ጭቃ ካልሆነ። በደረቅ ይቀደማል፣ ከፋሲካ በኋላ ካልሆነ። ጋላቢው ያው ከሆነ፣ ንፋስ ከሌለ። እንዲህ እያልኩ ስቀጥል ስቀጥል አንድ ቀን ራሴን ሰማሁት፤ ልክ ደጃፌ ላይ እንደሚጮኹት ወንዶች ሆኛለሁ። ተናድጄ ክሩን ወረወርኩት። ቀድሪያ ከተቀመጠችበት አንሥታ ሰጠችኝ።

"ይሄኛው ለምን እንዲህ ሆነ?" አለች። ከስንት ቀን በኋላ የሰማሁት ቃሏ ነበር።

"ፊቱ ኋላውን አያውቀውማ" አልኳት። "የሌላው ፈረስ ሁሉ የፊቱን ገልጬ ሳይ የኋላውን ይነግረኛል። የዚህ የፊቱ ስለ ኋላው ምንም አያውቅም።"

ይሄን ከአፌ እንዳወጣሁ ነገሩ በራልኝ። መቀሱን አነሣሁና ክሩን ከግንቦት ላይ ቆረጥኩት፣ ሁለት ክር አድርጌ ቋጠርኩ። የመጀመሪያው ክር የጭቃ ፈረስ ነው፤ ጥርት ያለ። ሁለተኛው የደረቅ መሬት ፈረስ ነው፤ እሱም ጥርት ያለ። ሁለት ፈረስ ናቸው። እኔ በስሙ ስሰካ ኖሬ ሁለት ፈረስ በአንድ ክር ላይ አስሬያቸዋለሁ።

እንዴት አላየሽም ትሉኝ ይሆናል። ሁለቱም ዳማ ናቸው፤ ሴት ደግሞ ሜዳው ድረስ ገብታ የፈረስ እግር አትመረምርም፣ ከሩቅ ነው የማየው። ዋናው ግን ስሙ ነው። በእኛ አገር የፈረስ ስም የፈረሱ አይደለም፣ የጌታው ነው። ባላምባራስ ወልደ ሚካኤልን ሰው ሁሉ አባ ገስግስ ይላቸዋል። የሚጋልቡት ፈረስ ቢሞት ወይ ቢያረጅ ቀጥሎ ኮርቻ የሚጫንበት አባ ገስግስ ይሆናል፤ ማንም አዲስ ነው ብሎ አይለፍፍም። ይሄን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። እኔም አውቃለሁ፣ ግን አባ ገስግስ ሲባል አንድ ፈረስ ብዬ ሰካሁ። ካፒቴኑማ ከየት አምጥቶ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ደስ ነው ያለኝ፤ ወላሂ ደስ አለኝ። አገኘሁት ብዬ ቀድሪያን አቀፍኳት። ሁለተኛው ፈረስ በጭቃ አይሆንም ማለት ነው፤ የመስቀል ሰሞን ሰማዩ ገና አልጠራም፤ ከዘነበ አምባላዩን፣ ካልዘነበ አባ ገስግስን ነዋ። የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ፈረስ የት ገባ? ሞቶ ከሆነ ደህና። ታስሮ ጋጣ ውስጥ ካለና በዚያ ቀን ቢያወጡትስ? ይሄን ሳላጣራ ወንድሜን ማስያዝ አልችልም። ሁለቱን ክር ሻሼ ውስጥ ቋጥሬ፣ ግማሽ ጆንያ ገብስ አሸክሜ ባላምባራስ ቤት ሄድኩ።

ባላምባራስ ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ከካፒቴኑ ጋር የሚታዩ ሰው ናቸው፤ ሰው በሆዱ ይረግማቸው ነበር፣ እኔም ጭምር። ሚስታቸው እሜቴ ማንጠግቦሽ ጥጥ እየፈተሉ ደጅ ተቀምጠዋል። አንድ ልጅ አላቸው፣ ውበቱ የሚባል፤ ቅኔ ሊማር ሩቅ ደብር ሄዷል ይባል ነበር። ተሸካሚዬን አሰናበትኩና ሁለቱን ክር ባላምባራስ እጅ ላይ አኖርኩ።

"ጌታዬ፣ አባ ገስግስ ሁለት ሆነብኝ" አልኳቸው። እንዴት እንዳገኘሁትም፣ ወንድሜ በምን እንደተያዘም አስረዳሁ፤ ካፒቴኑ ካሸነፈ እንደሚፈታ፣ ከተሸነፈ እንደሚጫን።

ባላምባራስ ክሮቹን በጣታቸው መካከል ረጅም ጊዜ ሲያሹ ቆዩ። የእሜቴ ማንጠግቦሽ እንዝርት ቆመ።

"ይሄን ማን አይቷል?" አሉኝ።

"ከእኔና ከወንድሜ ሚስት በቀር ማንም። እሷም ምን እንደሆነ አታውቅም።"

"ካፒቴኑስ?"

"እሱ ሙሉውን ክር ነው የሚያውቀው። አንድ ፈረስ ነው የሚመስለው።"

"ፈረሱ አልሞተም" አሉ ባላምባራስ። "አልሸጥኩትም፣ ጋጣም የለም።" ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። እሜቴ ማንጠግቦሽ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋቸውም። በዚያ ዓመት ከቤቱ የጠፋ ደህና ፈረስ የት እንደሚገኝ የማያውቅ ጎጃሜ አልነበረም። ጫካ ነው ያለው፣ ከአርበኞቹ ጋር፤ ላዩ ላይ ያለው ደግሞ ቅኔ ቤት ሄደ የተባለው ልጅ ነው። ካፒቴኑ ሁለት ፈረስ መሆናቸውን ቢያውቅ ቀጥሎ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው። ይሄን ሽማግሌ ዛፍ ላይ ይሰቅላቸዋል፣ ቤቱንም ያቃጥለዋል።

"ወንድምሽ ልጅ አለው?" አሉኝ ባላምባራስ።

"ሚስቱ ልትወልድ ነው።"

"እ" አሉና ክሮቹን መለሱልኝ። "ገብሱ ስንት ነው?"

"ገብሱ ይቅር፣ ጌታዬ። ከእኔ አፍ ምንም አይወጣም።"

ቃል ከሰጠሁ በኋላ መንገዱን ሁሉ በራሴ ተናደድኩ። ለነሱ ልጅ ስል የእኔን ወንድም? ምኔ ናቸው? ሰው ሲረግማቸው አብሬ የረገምኳቸው ሰዎች። ግን እንዝርቱ ሲቆም አይቻለሁ፤ ያን ካየሁ በኋላ አልችልም። ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ክር እንደገና አንድ አድርጌ ቀጠልኩና መደርደሪያው ላይ መለስኩት።

የመስቀል ዕለት ደመራው ሳይጠፋ ዝናቡ ወረደ። በማግስቱ ጧት ካፒቴኑ ከአወቀ ጋር በጭቃው እየተንቦራጨቀ መጣ፣ ደስ ብሎታል።

"ጭቃ ነው" አለኝ በአወቀ አፍ። "አባ ገስግስ፣ አይደለም?"

"አምባላዩን ያስይዝ በለው። ከተማ ነው ያደረው፣ ጭቃም ያውቃል።"

ካፒቴኑ እጁን ዘርግቶ የአባ ገስግስን ክር አወረደ። ሰማያዊ፣ ነጭ፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ እያለ የአምናውን ክረምት በጣቱ ነካካው። "ዱሮ በጭቃ ብቻ ነበር፣ አሁን በደረቁም ጎበዝ ሆኗል ይልሻል" አለ አወቀ። "ፈረሱ እያደገ ነው።"

"ሰኔ ላይ በጭቃ መጨረሻ ወጥቷል።"

"አንድ ቀን ነው። የአንድ ቀን ነገር ምንም አይናገርም ያልሽው አንቺ ነሽ።"

"ያን ያልኩት እኮ…" አልኩና ቀረሁ። ካፒቴኑ ክሩን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ፣ የእኔን ሻሽ ከትከሻዬ ስቦ ግማሹን ሸፈነው። "በዶቃው አሳዪኝ" አለ፤ ይሄን በአማርኛ ማለት ተምሯል። የማሳየው ነገር ነበረኝ፤ መቀስ አንሥቼ አንድ ቦታ ብቆርጠው በቂ ነበር፣ መቀሱም አጠገቤ ነው። ሐምዱን አሰብኩ፣ የቀድሪያን ሆድ አሰብኩ፣ እንዝርቱን አሰብኩ።

"ልክ ነው በለው" አልኩት አወቀን። "አባ ገስግስን ያስይዝ።"

ሲወጡ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ወንድሜን በገዛ አፌ ሰጠሁት፤ በዚያን ሰዓት የማውቀው ይሄንኑ ነው። ለቀድሪያ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ ሱቁን ዘጋሁ።

ሜዳው ላለመሄድ ወስኜ ነበር፣ እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ካፊያ ነው። ኮሎኔሉ ዳስ ሥር ተቀምጧል፣ ካፒቴኑ አጠገቡ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል። ወንዶቹን በክርኔ እየገፋሁ ፊት ወጣሁ፤ አንዱ "አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ?" ሲለኝ እሱንም ገፍቼው አለፍኩ። ፈረሶቹ መጡ። አባ ገስግስን የባላምባራስ አሽከር እየሳበ አመጣው፣ እሳቸውም ከጎኑ ይሄዳሉ። ዳማ ነው፣ ያው ዳማ። ነገር ግን እግሩን ጭቃው ውስጥ ሲከት አየሁት፤ አይፈራም፣ አይመርጥም፣ ዝም ብሎ ይረግጣል። ደረቱ ላይ የአጋም ጭረት አለ፣ ጭራው ጫካ የከረመ መሆኑን ይናገራል። ይሄ የመጀመሪያው ክር ነው።

ባላምባራስን አየኋቸው። በአጠገቤ ሲያልፉ እንደማያውቀኝ ሰው አለፉኝ።

ሩጫውን ምን ብዬ ላውራው፣ ሩጫም አልነበረም። አምባላዩ ግማሽ መንገድ ላይ ሲንሸራተት አባ ገስግስ ለብቻው ነበር። ካፒቴኑ ቆቡን ወረወረ። ኮሎኔሉ እየሳቀ እጁን ጨበጠው። እኔ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሴቶች ደግፈው አነሡኝ።

ካፒቴኑ ቃሉን ጠበቀ፣ ይሄን አልክድም። ከሰዓት በኋላ ሐምዱ ከምሽጉ በር ወጣ። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባለትም፣ አንድ ጥርሱ የለም፣ ግን ሐምዱ ነው። ቀድሪያ እልል ልትል አፏን ከፍታ ድምፅ አልወጣላትም። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም። ባላምባራስ ፈረሱን ከጫካ ድረስ አስመጥተው ነው፤ ለእኔ ወንድም። ሄጄ እግራቸውን ልስም ነበር፤ ሰው ያያል ብዬ ተውኩት።

ከሁለት ቀን በኋላ እሜቴ ማንጠግቦሽ ራሳቸው ሱቄ መጡ። ገረዳቸውን ጨው እንድትገዛ ወደ ሌላ ሱቅ ላኳት፤ እኔ ጨው እያለኝ። ባንኮኒውን ተደግፈው ቆሙ።

"ወንድምሽ ደህና ገባ?"

"ገባልኝ፣ እሜቴ። ውለታችሁን በምን እከፍላለሁ?"

"ውበቱ ሞተ" አሉ። ድምፃቸው ከገበያ ወሬ ከፍም ዝቅም አላለም። "ፈረሱ እዚህ በነበረ ቀን ጣሊያን ሰፈራቸውን ከበበው። በፈረስ ያለው አመለጠ። እሱ በእግሩ ነበር።"

ልይዛቸው እጄን ስዘረጋ በዓይናቸው ከለከሉኝ፣ መንገዱ ላይ ሰው አለ።

"ማልቀስ አልችልም" አሉኝ። "ካለቀስኩ ማን ሞተ ይሉኛል። ልጄ ቅኔ ቤት ነው ያለው። ባላምባራስ ትላንት ካፒቴኑን ግብር አብልተው ሸኙት፣ እኔም ቆሜ አሳለፍኩ። ሁለት ቀን ሆነኝ፣ ሸሪፋ። ደረቴን ሊቀደው ነው።"

"ምን ላድርግ፣ እሜቴ? ይዘዙኝ።"

"በእናንተ ቤት ይለቀስልኝ። የሩቅ ዘመድ ሞተ በዪ። እኔ ለቅሶ ደርሼ ልመጣ እችላለሁ፤ የገብስ ደንበኛሽ ነኝ።"

በማግስቱ ቤቴ ተለቀሰ። ወሎ ያለ አጎቴ ሞተ ብዬ አስወራሁ። ሐምዱ "የትኛው አጎታችን?" ሲለኝ "በር ላይ ተቀመጥና ሰው ተቀበል" አልኩት። ያበጠ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ጎረቤቱ መጣ፣ ሼኹም መጥተው ፋቲሐ አደረጉ፣ ድምፅ ማሰማት በሃይማኖታችን ደግ አይደለም ብለው መክረውን ሄዱ። አወቀ ሳይቀር ካፒቴኑ የላከውን ስኳር ይዞ መጣና ጥግ ተቀመጠ።

እሜቴ ማንጠግቦሽ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ሴቶች ጋር ገቡ። እንደማንኛውም ለቅሶ ደራሽ ከበሩ ጀምረው አለቀሱ። መጀመሪያ ቀስ ብለው ነበር። በኋላ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ደረታቸውን መቱ፤ ጉንጫቸውን ቧጠጡት። "ልጄ" አላሉም፣ አንድ ጊዜ እንኳ። ሴቶቹ ተያዩ። አወቀ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "እሜቴ አጎትሽን ያውቁት ነበር እንዴ?" አለኝ። እኔም ጮኼ ደረቴን መታሁ፣ እሳቸው የሚጮኹት የእኔ ጩኸት ውስጥ እንዲገባ። ሼኹ የመከሩንን ሁሉ ረሳሁት። ቀድሪያም ከነሆዷ ተነሥታ አብራን ጮኸች፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ። አወቀ ሌላ አልጠየቀኝም።

ሐምዱ ከበሩ ሆኖ እሳቸውን እያየ ነበር። ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ፣ ለማን እንደሚያለቅስም አልጠየቀኝም።

ሲመሽ እሜቴ ማንጠግቦሽ ነጠላቸውን ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉ። ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር፣ አወቀም ጭምር። ወደ እኔ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ" አሉኝ።

ለቅሶ ደራሽ እንዲህ ሲል መልሱ አንድ ነው። "አሜን" አልኳቸው።